ለተንቀሳቃሽ የአማተር ሬዲዮ ጣቢያ የባትሪ አቅም አመራረጥ፦ እንጅባራንና ዳንግላን መነሻ ያደረገ ስሌት

በኢትዮጵያ ስለ አማተር ሬዲዮ ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠቀሰው በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ሲሆን የጥሪ ምልክቱም ኢቲ3ኤኤ ነው። እንዲህ ያለ ቋሚ ጣቢያ አንቴናው የተተከለ፣ ኃይሉም ከመብራት መስመር የሚገኝ በመሆኑ ኦፕሬተሩ ስለ አምፔር-ሰዓት እምብዛም አይጨነቅም። ሬዲዮው ከከተማ ወጥቶ በሰው ትከሻ ወይም በፈረስ ጀርባ ወደ መስክ ሲሄድ ግን ያለው ኃይል አብሮት የተሸከመው ብቻ ነው። ባትሪው ካነሰ ጣቢያው ዝም የሚለው ጠዋት ሁሉም ደኅና በሆነበት ሰዓት ሳይሆን ወደ ቀኑ ማብቂያ፣ መልእክት በሚበዛበት ጊዜ ነው። ከበዛ ደግሞ ክብደቱና ዋጋው ጣቢያው ከቤት እንዳይወጣ ያደርጋሉ።

በልማድ የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ በእጅ የተገኘውን የመኪና ወይም የሞተር ሳይክል ባትሪ መውሰድ፣ ሌላው ገንዘብ የፈቀደውን ያህል ትልቅ መግዛት ነው። ሁለቱም የሚነሡት በባትሪው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ምርጫው ከሌሎች ሁለት ቁጥሮች መነሣት እንዳለበት ነው፤ እነዚህም ጣቢያው ሲያዳምጥ የሚፈጀው ከረንትና ሬዲዮው ሥራውን የሚያቆምበት ዝቅተኛ ቮልቴጅ ናቸው።

የስሌቱ መነሻ

ለአብነት የተወሰደው በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ለአንድ ቀን የሚቋቋም ጣቢያ ነው። በዓሉ የተመረጠው ለማድመቂያ አይደለም። ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ሜዳ ሲሰበሰብ የሞባይል መስመር ሊጨናነቅ ይችላል፤ የጠፋ ልጅ ወይም ከፈረስ ወድቆ የተጎዳ ሰው ሲኖርም ሁለተኛ የመገናኛ መንገድ መኖሩ ዋጋ አለው። ወቅቱም በጋ ነው፤ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱና ማለዳው ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው እንጅባራ ብርዳማ ነው። ዝቅ ብላ የምትገኘው ዳንግላ በቀጥታ መስመር ሲለካ ከእንጅባራ ወደ 35 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ አዲስ አበባ ደግሞ 290 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጣቢያው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት፣ በድምሩ 8 ሰዓት እንዲሠራ ታስቧል። ማንኛውም እንዲህ ያለ ጣቢያ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ከተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት ያለበት መሆኑ ግልጽ ስለሆነ ከዚህ በኋላ አይነሣም።

ለ290 ኪሎ ሜትር የሚስማማው መንገድ ሞገዱን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ በመላክ ከአዮኖስፌር ተመልሶ እንዲወርድ ማድረግ ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ፣ በዚህ ኬክሮስ ቀን ቀን የ7 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መልክ ይመለሳል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን አዮኖስፌሩ በመግነጢሳዊው ወገብ አካባቢ ስለሚታወክ ድምፅ ሊንቀጠቀጥና ሊደበዝዝ ይችላል። ሥራው በቀን ብርሃን እንዲወሰን የተደረገውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ለማይሰማ ምሽት ባትሪ መሸከም ትርፉ ድካም ነው።

ከባትሪው በፊት አንቴናው

የባትሪ ምርጫ በማሠራጫው ኃይል ላይ ስለሚንጠለጠል ይህ ጥያቄ መቅደም አለበት። ያሱ ኤፍቲ-817 የተባለው ትንሽ ሬዲዮ 5 ዋት ያሠራጫል፤ በአምራቹ መግለጫ መሠረት ሲያስተላልፍ 2 አምፔር፣ ሲያዳምጥ 0.45 አምፔር ይወስዳል። የዚያው ኩባንያ ኤፍቲ-857 በአጭር ሞገድ 100 ዋት ያሠራጫል፤ ሲያስተላልፍ 22 አምፔር፣ ሲያዳምጥ 1 አምፔር ይፈልጋል። ከ5 ዋት ወደ 100 ዋት መውጣት በተቀባዩ ዘንድ የ13 ዴሲቤል ጭማሪ ነው፤ አንድ ኤስ-ነጥብ 6 ዴሲቤል ስለሆነ በመለኪያው መርፌ ላይ ከሁለት ኤስ-ነጥብ ትንሽ ከፍ ይላል። የሚከፈለው ግን አሥራ አንድ እጥፍ ከረንት ነው።

ይኸው 13 ዴሲቤል ብዙውን ጊዜ ከአንቴና ሊገኝ ይችላል። በመኪና ጣሪያ ላይ የሚቆም አጭር ዘንግ ሞገዱን ወደ አድማስ እንጂ ወደ ላይ ስለማይልክ ለ290 ኪሎ ሜትር እጅግ ደካማ ነው። በአንጻሩ 20 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ከመሐሉ በኬብል የሚመገብና ከመሬት ከ5 እስከ 8 ሜትር ከፍ ብሎ በአግድም የሚዘረጋ ሽቦ ለዚህ ርቀት የተሠራ ያህል ይስማማል። በአዊ ዞን የሚያንጠለጥሉበት ዛፍ ማጣት አያሰጋም፤ ባሕር ዛፍ በየቦታው አለ፤ በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ገበሬው ለከሰል የሚያለማው ዲከረንስም ለዚህ ቁመት ይበቃል። ጥቂት ሜትር ሽቦና ገመድ ከብዙ ኪሎ እርሳስ ይልቅ ለመሸከም ይቀላሉ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ መታረም አለበት። ባለ 100 ዋቱን ሬዲዮ ወደ 20 ዋት ዝቅ ማድረግ ከረንቱን በአምስት እጥፍ አይቀንሰውም። ቮልቴጁ ሳይለወጥ በሚሠራ ማጉያ ከረንቱ የሚቀንሰው በኃይሉ ስኩዌር ሩት ልክ በመሆኑ፣ አንድ አምስተኛ ኃይል የሚፈልገው ወደ 45 በመቶ የሚሆን ከረንት፣ ማለትም 10 አምፔር ገደማ ነው። ማዳመጫው ደግሞ ከነአካቴው አይቀንስም፤ ያው 1 አምፔር ነው።

የማዳመጥ ዋጋ

አማተሮች ስለ ባትሪ ሲያወሩ ስለ ማሠራጨት ያወራሉ፤ ሬዲዮው ግን አብዛኛውን ቀን የሚያሳልፈው በማዳመጥ ነው። ከስምንቱ ሰዓት አንድ አሥረኛው፣ ማለትም 48 ደቂቃ፣ በማስተላለፍ ያልፋል ቢባል ባለ 5 ዋቱ ሬዲዮ ለማስተላለፍ 1.6 አምፔር-ሰዓት ሲፈጅ፣ ለቀረው 7.2 ሰዓት ማዳመጥ 3.24 አምፔር-ሰዓት ይፈጃል። ድምሩ 4.84 ነው፤ ከዚህም ሁለት ሦስተኛው የጠፋው አንድም ቃል ሳይነገርበት ነው።

ስለዚህ ቁጠባ የሚገኘው ከማዳመጡ ነው። ድምፅ ማጉያውን ትቶ በጆሮ ማዳመጫ መጠቀምና የመስኮቱን መብራት ማጥፋት የማዳመጫውን ከረንት በ0.1 አምፔር ብቻ ቢቀንሱ እንኳ በቀኑ ፍጻሜ 0.72 አምፔር-ሰዓት ይተርፋል፤ ይህም ከ21 ደቂቃ በላይ ለማስተላለፍ ይበቃል። ፈረስና ሰው በሚተራመስበት ሜዳ የጆሮ ማዳመጫ ለመስማትም ቢሆን የተሻለ ነው።

ለባለ 100 ዋቱ ሬዲዮ ማዳመጡ 7.2 አምፔር-ሰዓት ይሆናል። ማስተላለፉ በሙሉ ከረንት ቢሰላ 17.6 ይደርሳል፤ ነገር ግን በኤስኤስቢ የሚነገር ድምፅ በቃላት መካከል እየወረደ ስለሚሄድ አማካዩን 40 በመቶ መውሰድ ምክንያታዊ ነው፤ ያኔ ወደ 7 ይወርዳል። ድምሩ ከ14 ትንሽ ይበልጣል።

በዲጂታል ዘዴ ይህ ዝምድና ይገለበጣል። ኤፍቲ8 በተባለው ዘዴ ጣቢያው በየ30 ሰከንዱ 12.64 ሰከንድ፣ ከጊዜው 42 በመቶ ማለት ነው፣ ያለ ትንፋሽ በሙሉ ኃይል ያስተላልፋል። ተራውን ሳይዘል የሚጠቀም ኦፕሬተር በ5 ዋት ሬዲዮ በ8 ሰዓት ውስጥ 8.8 አምፔር-ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከዚህም የሚብሰው ኮምፒዩተሩ ነው፤ 25 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ በ8 ሰዓት 200 ዋት-ሰዓት፣ በ12.8 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር-ሰዓት ይጠይቃል። ሬዲዮውን ሦስት ጊዜ የሚያሠራ ኃይል ማለት ነው። ለመልእክት ማስተላለፊያ በሚቋቋም ጣቢያ ድምፅ ወይም ሞርስ፣ ከወረቀትና እርሳስ ጋር፣ ተመራጭ የሚሆነው ለናፍቆት ሲባል አይደለም።

የተጻፈውና የሚገኘው

በገበያ በብዛት የሚገኘው ዝግ የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ላይ «12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት» ተብሎ ሲጻፍ፣ ባትሪው በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ፣ ማለትም በ0.35 አምፔር፣ እስከ 10.5 ቮልት ሲወርድ የሚሰጠው መጠን ነው። ከእነዚህ ሁኔታዎች አንዱ ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል። በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ሲገደድ 60 በመቶ ገደማ ብቻ ይሰጣል። ከ25 ዲግሪ በታች በእያንዳንዱ ዲግሪ አንድ በመቶ የሚጠጋ አቅም ያጣል፤ 12 ወይም 13 ዲግሪ በሆነ የእንጅባራ ጠዋት 88 በመቶ ይቀራል ብሎ ማስላት ይቻላል። ዕድሜው እንዲረዝም ደግሞ ከግማሽ በላይ ባይወርድ ይመረጣል።

ከሁሉም የሚከፋው ግን የመጨረሻው ቮልቴጅ ነው። ኤፍቲ-857 የሚሠራው በ13.8 ቮልት፣ 15 በመቶ ከፍና ዝቅ ባለ ወሰን ውስጥ ነው፤ ዝቅተኛው ወሰን 11.7 ቮልት ይሆናል። የ7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ውስጣዊ መቋቋም 25 ሚሊ ኦም ይሁን ቢባል በ22 አምፔር ጭነት 0.55 ቮልት በራሱ በባትሪው ውስጥ ይጠፋል። ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው፣ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ገመድ፣ ደርሶ መልስ አራት ሜትር በመሆኑ፣ 27.5 ሚሊ ኦም አለው፤ በርሱም 0.6 ቮልት ይጠፋል። ሙሉ በሙሉ የተሞላው ባትሪ 12.7 ቮልት ላይ ቢጀምር ሬዲዮው ዘንድ የሚደርሰው 11.55 ቮልት ነው። ጣቢያው ገና የመጀመሪያውን ጥሪ ሲያሰማ ከወሰኑ በታች ወርዷል፤ በባትሪው ውስጥ ግን የተጻፈው 7 አምፔር-ሰዓት እንዳለ ተቀምጧል። ኦፕሬተሩ «ባትሪው ሞቷል» ይላል፤ ያልሞተ ባትሪም ይጣላል።

ለኤፍቲ-817 ነገሩ ሌላ ነው። ከ8 እስከ 16 ቮልት ስለሚሠራ፣ በ2 አምፔርም በዚያው ገመድ የሚጠፋው 0.055 ቮልት ብቻ ስለሆነ፣ ባትሪው እስከ ደኅንነት ወሰኑ ድረስ ያገለግለዋል። አንዱ ባትሪ ለአንዱ ሬዲዮ ሙሉ ሲሆን ለሌላው ባዶ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ይህን ችግር በአብዛኛው ያቃልላል። በተከታታይ የተያያዙት አራት ሴሎቹ አብዛኛውን አቅማቸውን በ13 ቮልት አካባቢ ሳይዋዥቁ ይሰጣሉ፤ ከተጻፈው 90 በመቶውን መጠቀምም ይቻላል። ጥንቃቄ የሚሻው ሌላ ቁጥር ነው፤ በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ሰርኪዩት የሚፈቅደው ከፍተኛ ከረንት። 20 አምፔር ብቻ የሚፈቅድ ባትሪ የቱንም ያህል አምፔር-ሰዓት ቢይዝ 22 አምፔር ሲጠየቅ ራሱን ሊዘጋ ይችላል።

እንግዲህ ለባለ 5 ዋቱ ጣቢያ፣ 4.84 ለ0.9 ሲካፈል 5.4 ይሆናል፤ 6 ወይም 7 አምፔር-ሰዓት ያለው፣ ከአንድ ኪሎ የማይርቅ የሊቲየም ባትሪ ይበቃል። በእርሳስ-አሲድ ለመሥራት 4.84 በመጀመሪያ ለ0.5፣ ቀጥሎ ለ0.88 ይካፈላል፤ ውጤቱ 11 ስለሆነ የ12 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ያስፈልጋል፤ ክብደቱም አራት ኪሎ ይጠጋል። አማካይ ከረንቱ 0.6 አምፔር በመሆኑ ከዚህ ባትሪ የ20 ሰዓት መለኪያ ጋር ይገጥማል፤ ሌላ ማስተካከያ አይፈልግም። ለባለ 100 ዋቱ በተመሳሳይ መንገድ የሚገኘው በሊቲየም 16 ገደማ፣ በእርሳስ-አሲድ ከ32 በላይ ነው፤ ሁለተኛው ከአሥር ኪሎ ያልፋል።

ብዙዎች እዚህ ደርሰው «ለጥንቃቄ» 25 በመቶ ይጨምራሉ። ለሊቲየሙ ተገቢ ነው፤ 5.4 ወደ 6.7 ስለሚያድግ የ7 አምፔር-ሰዓቱ ምርጫ በዚህ ይጸናል። ለእርሳስ-አሲዱ ግን በግማሽ የማካፈሉ ደንብ ራሱ መጠባበቂያ ነው። ቀሪው ግማሽ ለዕድሜ ሲባል የተተወ እንጂ የሌለ ኃይል አይደለም፤ በዓመት አንድ ቀን ለእውነተኛ ችግር ቢነካ ባትሪው የሚከፍለው ትንሽ ነው። ጥንቃቄ በጥንቃቄ ላይ ሲደረብ ጣቢያው የአራት ኪሎ ሳይሆን የስድስት ኪሎ ባትሪ ይሸከማል። የመኪና ባትሪን ለዚህ ሥራ መውሰድ ደግሞ በሌላም ምክንያት አይመከርም፤ የተሠራው ሞተር ለማስነሣት እንጂ ቀስ ብሎ ለመፍሰስ አይደለም፤ ፈሳሽ አሲድ ያለው ዓይነት በፈረስ ጀርባ ላይ ምን እንደሚያደርስ መገመትም አያዳግትም።

መልሶ መሙላት

እስካሁን የታየው የአንድ ቀን ሥራ ነው። ለሁለትና ለሦስት ቀን ሲታሰብ መሙያው ከባትሪው እኩል ይመዝናል። በበጋ 20 ዋት የሆነ ትንሽ የሶላር ሰሌዳ በቀን አምስት የጠራ የፀሐይ ሰዓት ቢያገኝ፣ ብክነቱ 30 በመቶ ተብሎ ቢቀነስ፣ 70 ዋት-ሰዓት፣ ማለትም 5.4 አምፔር-ሰዓት ገደማ ይሰጣል፤ የባለ 5 ዋቱን ጣቢያ የቀን ፍጆታ ይሸፍናል። በክረምት ይህ ስሌት አይሠራም። ከሰኔ እስከ መስከረም በአዊ ሰማይ ደመናው ስለሚበዛ ሶላርን እንደ ተጨማሪ እንጂ እንደ ምንጭ አለመቁጠርና ሙሉውን ፍጆታ በባትሪ መያዝ ይሻላል። ርካሽ የሶላር መቆጣጠሪያዎች በአጭር ሞገድ ላይ ጩኸት እንደሚፈጥሩም መታወስ አለበት፤ ሬዲዮው በሚያዳምጥበት ሰዓት መቆጣጠሪያውን ማላቀቅ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ።

በከተማ ከመብራት መስመር ለሚሞላ ሰው የኬሚስትሪው ልዩነት ይበልጥ ይጎላል። የእርሳስ-አሲድ ባትሪ በግማሽ ወርዶ ሳይሞላ ሲቀመጥ ሰሌዳዎቹ በሰልፌት ይሸፈናሉ፤ መብራት ተቋርጦ ለሳምንት ያህል ሳይሞላ ቢቆይ የአቅሙ ከፊል ላይመለስ ይችላል። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ በግማሽ መቀመጥ አይጎዳውም፤ እንዲያውም ይስማማዋል። ዋጋው ውድ ቢሆንም መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ጠባዩ ብቻውን ለምርጫው በቂ ምክንያት ይመስላል። መሙያው ግን ለራሱ የተሠራ፣ በ14.2 እና 14.6 ቮልት መካከል የሚያቆም መሆን አለበት፤ የእርሳስ-አሲድ ባትሪን «ለማደስ» ከ15 ቮልት በላይ የሚልክ መሙያ ሴሎቹን ያበላሻል።

ከመግዛት በኋላ፣ ከመውጣት በፊት

በመለያው ላይ የተጻፈው ሁልጊዜ እውነት ባለመሆኑ ባትሪው በሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት መፈተን አለበት። ለእርሳስ-አሲድ የመጀመሪያው ፈተና ሚዛን ነው፤ 7 አምፔር-ሰዓት የተባለ ባትሪ ከሁለት ኪሎ በታች ከመዘነ እርሳሱ ጎድሏል። ሁለተኛው ፈተና ከመለዋወጫ ሱቅ የሚገዛ የ12 ቮልት፣ 21 ዋት የመኪና ፍሬቻ አምፖልና አንድ መልቲ ሜትር ብቻ ይጠይቃል። አምፖሉ በ12 ቮልት 1.75 አምፔር ያህል ስለሚወስድ ኤፍቲ-817 ሲያስተላልፍ ከሚፈልገው ጋር ይቀራረባል። ባትሪው ሙሉ ከሆነ በኋላ አምፖሉ ተያይዞ ቮልቴጁ በየሩብ ሰዓቱ ይመዘገባል፤ ጤናማ የ7 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ-አሲድ ባትሪ እስከ 10.5 ቮልት ለመውረድ ሦስት ሰዓት ገደማ መቆየት አለበት። መዝገቡ ላይ 11.7 ቮልት የታየበት ሰዓትም ይከበብ፤ ከዚያ በፊት ያለው የባለ 100 ዋቱ ሬዲዮ ድርሻ ነው፣ እርሱም ጭነቱ የአምፖሉን ያህል ቀላል ቢሆን ኖሮ። ፈተናው እንዳለቀ ባትሪው በዚያው ዕለት ይሞላ፤ የእርሳስ-አሲድ ከሆነ በየስድስት ወሩ ተደግሞ የተገኘው ደቂቃ በባትሪው ጎን ላይ ከቀኑ ጋር ይጻፍ።